አያቴ የደፋችውን አትጠጡ፦ «የሐረር ተራራ ተአምር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በስልኬ ስድስት ጊዜ ደረሰኝ። መጀመሪያ የላከልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ቀጥሎ በዕድራችን ግሩፕ መጣ። ከዚያ ሐረር ካለ የሥራ ባልደረባዬ። ርዕሱ «የሐረር ተራራ ተአምር» ይላል። ስለ እሬት ነው። መጨረሻው ላይ «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» የሚል አለበት። ሕዝቡም ቃሉን አክብሮ እያሰማ ነው።

ጸሐፊው ስሙን አላሰፈረም። አጻጻፉ ግን የኛው ሰፈር ልጅ መሆኑን ያሳብቅበታል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ያውቃል፣ የድሬዳዋችንን ገበያ ቀፊራን ያውቃል። ስለዚህ እንደ ሰፈር ልጅ ላናግረው ነው። እዚህ አገር አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፤ «አንተ» ስለው ንቀት እንዳይመስለው።

መጀመሪያ ያለውን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ከደንገጎ ዳገት ጀምሮ እስከ ሐረር የሚታየው የዱር እሬት፣ ሱቅ ውስጥ በዕቃ ታሽጎ ከሚሸጠው አሎቬራ ጋር አንድ ነው ይላል፤ እንዲያውም ዱር ስለሆነ ይበልጣል። ፈውሱ ያለው ምሬቱ ላይ ነው። ስለዚህ ቢጫውን ፈሳሽ ሳይደፉ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ የቡና ሲኒ መጠጣት ደም ያጠራል፣ ጨጓራ ያድናል፣ ስኳር በሽታንም ይነቅላል። አያቶቻችን ለዘመናት የተጠቀሙበት የተፈጥሮ ነገር በመሆኑ ጉዳት የለውም። ሐኪሞችና የመድኃኒት ፋብሪካዎች ይህን እያወቁ ደብቀውናል። መቃብር ላይ መትከሉ ድንቁርና ነው። በመጨረሻም ሥራ ያጣ ወጣት ሁሉ ዶማውን ይዞ ተራራ ይውጣ፣ እየነቀለ ይሽጥ ይላል። ስለ ፀጉርም ሁለት መስመር አለው።

ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላመስግንህ። «ልጆቻችን የሩቅ አገር አበባ ስም በእንግሊዝኛ ይቆጥራሉ፤ ደጃቸው ላይ የበቀለውን ግን አያውቁትም» ያልከው እውነት ነው። እኔም ራሴን ታዘብኩ። እሬትን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ ስል፣ የማውቀው ምሬቱን ብቻ ኖሯል። ያንተ ጽሑፍ ባያናድደኝ ኖሮ ሳምንቱን ሙሉ ስለሱ ሳነብ አልሰነብትም ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ። «እሬት ሁሉ አንድ ነው» ካልከው ልጀምር።

አንድ አይደለም። እሬት የአንድ ግለሰብ ሳይሆን የአንድ ትልቅ ዘመድ አዝማድ ስም ነው። በዓለም ላይ ከ500 በላይ የእሬት ዓይነቶች አሉ። በኢትዮጵያ ብቻ ከ40 በላይ ተመዝግበዋል። ከነዚህም ብዙዎቹ ከኛ አገር ውጭ የትም አይበቅሉም። በሱቅ የሚሸጠው አሎቬራ ደግሞ የዓረብ ምድር ተክል ነው። በሰው እጅ ዓለምን ዞረ እንጂ የደንገጎ ተወላጅ አይደለም። አበባው ቢጫ ነው። ዳገታችን ላይ የምታየውን ቀይ አበባ ከሱ ጋር እንዴት እንዳምታታኸው አልገባኝም፤ ፎቶው እኮ ያንተው ጽሑፍ ላይ ነው ያለው!

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ስሙን ከኛው ሰፈር የወሰደ እሬት አለ። የሳይንስ ስሙ አሎ ሐርላና ነው። ሬይኖልድስ የሚባል ደቡብ አፍሪካዊ የእሬት ሊቅ በ1957 እ.ኤ.አ. መዝግቦት ነው ስሙን ያገኘው። ሐርላ ማለት በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያለችው መንደር ናት። የድሮዎቹ ግዙፎች ናቸው እየተባለ በልጅነታችን የተነገረን የሐርላ ሕዝብ አገር። በ2017 እ.ኤ.አ. የቁፋሮ ባለሙያዎች የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ፍርስራሽ ማግኘታቸውን ያስታወቁባት ቦታ። የአንድ ጥንታዊ ሕዝብ ስም የተሸከመ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል ያለው ተክል ደጅህ ላይ አለ። ስለ እሬት ሦስት ገጽ ጽፈህ አንዴም አልጠራኸውም። የእንግሊዝኛ አበባ ቆጠራውን የጀመርከው አንተ ነህ እኮ።

«ታዲያ የስም ልዩነት ምን ያደርጋል?» ልትለኝ ትችላለህ። ብዙ ያደርጋል። እንጉዳይም ሁሉ እንጉዳይ ነው ይባላል፤ ግን ማንም ያገኘውን እንጉዳይ ለቅሞ ወጥ አይሠራም። ኬንያና ታንዛኒያ ውስጥ አሎ ባልዪ የሚባል እሬት አለ። በውስጡ ያለው መርዝ ሶቅራጥስ ጠጥቶ ከሞተበት ተክል መርዝ ጋር ዘመድ ነው። የኛዎቹ እንደዚያ ናቸው አላልኩም። ግን «እሬት ነው፣ ጠጣው» የሚል ምክር ለአንዱ ዘመድ የተጻፈውን ሐኪም ትእዛዝ ለሌላው እንደ መስጠት ነው። እርግጥ ነው፣ በኦሮምኛ ሀርጌሳ፣ በሶማልኛ ዳዓር ሲባልም ብዙውን ጊዜ ሁሉንም ባንድ ላይ ነው። ማጠቃለሉ ያንተ ብቻ ጥፋት አይደለም። ልዩነቱ፣ ሀርጌሳ ወይም ዳዓር የሚለው ሰው ባንድ ስም ቢጠራቸውም የቱን እንደሚቆርጥ ያውቃል።

ወደ ዋናው እንምጣ። «ፈውሱ ያለው ምሬቱ ላይ ነው» ብለሃል።

አያቴ ሐረር ጀጎል ውስጥ ነበር የምትኖረው። ግቢዋ ጥግ ላይ በዘይት ጣሳ የተከለችው እሬት ነበራት። ስምንት ዓመት ሳይሞላኝ አንድ ቀን የፈላ ሻይ ክንዴ ላይ ደፋሁ። መጀመሪያ ክንዴን ይዛ ቀዝቃዛ ውሃ አፈሰሰችበት፤ ብዙ ውሃ። ከዚያ ወደ ጣሳው ሄደች። ከታች ያለውን፣ አሮጌውንና ወፍራሙን ቅጠል ከግንዱ ሥር ቆረጠችው። እኔ እየጮህኩ ነው። እሷ ግን ወዲያው ወደኔ አላመጣችውም። የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጋ ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። ቢጫው ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሲሚንቶው ላይ ደርቆ ቡናማ ሆነ። ያ እድፍ በኋላ በኦሞም ተፈግፍጎ አለቅ ብሏል። መንጠባጠቡ ሲያቆም ቅጠሉን አጠበችው። የእሾሁን ጠርዝ በቢላ ገፈፈች። ልጣጩን አነሳች። ውስጡ ያለውን፣ ብርሃን የሚያሳልፈውን ዝልግልግ እንደገና በውሃ አለቀለቀችው። ክንዴ ላይ ያረፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አሁን ልብ በል። አንተ በሲኒ ቀድተን እንድንጠጣ የምትመክረን እሷ ሲሚንቶ ላይ የደፋችውን ነው።

ሳይንሱም የሚለው ያንኑ ነው። አንድ የእሬት ቅጠል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። መሃሉ ላይ ያለው ዝልግልግ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው፤ 99 በመቶ ገደማ። ቀሪው በአብዛኛው የስኳር ሰንሰለት ነው። ቢጫው ግን ከልጣጩ ሥር በተደረደሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አጠገብ የሚከማች ሌላ ፈሳሽ ነው። ምሬቱን የሚሰጠው አሎይን የሚባል ንጥረ ነገር ነው። አሎይን ሲዋጥ ጨጓራን ዝም ብሎ ያልፋል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ይሰባብሩትና አንጀትን የሚያስቆጣ ነገር ይወጣዋል። አንጀት ይኮማተራል፣ ውሃ ይለቃል። ባጭሩ ያስቀምጣል። ይህም ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል።

የአክስቴ ልጅ ይህን በራሱ ሆድ አረጋግጦታል። ጽሑፉን ልኮልኝ ሲያበቃ በማግስቱ ጠዋት አንድ ሲኒ ጠጣ። እስከ ቀትር ምንም የለም። «ደሜ ሲጠራ ይሰማኛል» ብሎ ደወለልኝ፤ ዋላሂ እንዲህ ነው ያለኝ። አመሻሹ ላይ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር። ሌሊቱን ሽንት ቤት አደረ። የድሬዳዋን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ ተኝተህ እንኳን ውሃህ ያልቃል። ሲነጋጋ ቆሞ መሄድ አቅቶት በባጃጅ ክሊኒክ ወሰድነው። ግሉኮስ ተደረገለት። ነርሷ ምን እንደበላ ስትጠይቀው አፍሮ «ፓፓያ» አላት። እኔ ነኝ እሬቱን የነገርኳት። አሁን ደህና ነው። ጽሑፉን ግን ከግሩፑ አላጠፋውም። ተመልከት ያንተን የብዕር ኃይል!

እሱ ጎረምሳ ስለሆነ ባንድ ሌሊት አለፈለት። ጠዋት ጠዋት እያለ ለሳምንታት ለሚጠጣ ሰው ግን ሌላ ነው። በተቅማጥ ፖታስየም ከሰውነት ይወጣል። ፖታስየም ሲያንስ ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል። የደም ግፊት ሰው ውሃ የሚያስወጣ ክኒን እየወሰደ ይህን ከጨመረበት አደጋው እጥፍ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ በጭራሽ መቅመስ የለባትም። ያንተ ጽሑፍ ውስጥ «ነፍሰ ጡር» የሚል ቃል ፈለግኩ። የለም።

ስለ ስኳር በሽታ ያልከው ላይ ትንሽ ልቀበልህ። የእሬት ዝልግልግ የደም ስኳርን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል የሚሉ ጥቂት፣ አነስተኛ ጥናቶች አሉ። ዝልግልጉ ነው ግን፣ ቢጫው አይደለም። «ትንሽ ዝቅ» እና «ነቅሎ ይጥላል» ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። አንድ እናት ያንተን ቃል አምና ኢንሱሊኗን ብታቆም፣ ሲኒ እሬት አያድናትም። መድኃኒቷን ሳታቆም ብትደርበውም ስኳሯ ከሚገባው በታች ሊወርድባት ይችላል። ይህች መስመር ብቻ ከጽሑፍህ ብትወጣ ሌላውን ሁሉ ዝም ልልህ እችል ነበር።

ለመሆኑ አያቶቻችን ምሬቱን ለምን ነበር የሚፈልጉት? ጡት ለማስጣል። ያኔ ታናሽ ወንድሜ ሁለት ዓመት አልፎት አልለቅም ሲል እናቴ ጫፉ ላይ እሬት ነካ አደረገችበት። ልጁ ቀመሰ። ፊቱን አጨማደደ። ተመልሶ መጣ፣ ቀመሰ፣ እንደገና አጨማደደ። በሁለተኛው ቀን ነገሩ አበቃ። ምሬቱ «ተው» የሚል መልእክት ነበር። የሁለት ዓመት ሕፃን ገብቶታል። ተክሉም ራሱ የሚመርረው ለዚያው ነው። ደንገጎ ዳገት ላይ ፍየል ያልጨረሰችው አረንጓዴ ነገር ካየህ፣ ወይ እሾህ ነው ወይ እሬት ነው።

ለሆድ ያልተጠቀሙበት ጊዜ የለም አልልም። ለድርቀት፣ ለወባ፣ ለሌላም በጥቂቱ የሚያጠጡ አዋቂዎች ነበሩ፣ አሉም። ግን ኮሶን አስብ። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ከቤት አይወጣም፤ እንግዳ ሲመጣ «ኮሶ ጠጥቷል» ይባልና ይታለፋል። ልክ ነበረው፣ ቀን ነበረው፣ ማረፊያ ነበረው። ጠዋት ጠዋት ኮሶ የሚጠጣ አያት ሰምተህ ታውቃለህ? ያንተን «በየቀኑ አንድ ሲኒ» ከየትኛው አያት እንደሰማኸው ብትነግረን ጥሩ ነው። የኔዋ እንዳልሆነች አውቃለሁ።

«የተፈጥሮ ስለሆነ ጉዳት የለውም» ለሚለው ብዙ አልደክምም። አስተናግርም የተፈጥሮ ነው። የጉሎ ፍሬም የተፈጥሮ ነው። እባብም።

ቀጥሎ «ሐኪሞች ደብቀውናል» የሚለው አለ። ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። ምክንያቱም ቢጫው ፈሳሽ ለዘመናት የፈረንጅ ፋርማሲ መድኃኒት ነበር። ደርቆ እንደ ጥቁር ሙጫ እየሆነ በሚዛን ለሆድ ድርቀት ይሸጥ ነበር። ማንም አልደበቀውም። የሆነው ነገር ሌላ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እሬት ያለበትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የሆድ ማለስለሻ ከገበያ አስወጣ። አምራቾቹ ጉዳት እንደሌለው የሚያሳይ መረጃ እንዲያመጡ ተጠይቀው አላመጡም። እንግዲህ ፋብሪካዎቹ ሊሸጡት ነበር የፈለጉት፤ ከልካዩ ሌላ ነው። ያንተ ሴራ ተገልብጧል። ቆይቶ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ቢጫው ሳይወጣለት ከሙሉ ቅጠሉ የሚዘጋጀውን የአሎቬራ ጭማቂ «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ተርታ መደበው። መነሻው አይጦች ላይ የታየ የአንጀት ዕጢ ነው። አይጥ ሰው አይደለም፤ ይህን እቀበላለሁ። «ይችላል» ማለትም «ያመጣል» ማለት አይደለም። ግን በየቀኑ ጠጡ ከማለት በፊት ማወቅ ያለብን ነገር ነው።

የኛዎቹም ዝም አላሉም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ተመራማሪዎች ያንኑ የሐርላ እሬት ወስደው ከቢጫው ፈሳሽ ሁለት ንጥረ ነገሮች ለይተው ባክቴሪያ ላይ ሞክረዋል። በ2011 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ውጤቱ ደስ ይላል፤ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ንጥረ ነገሮቹ ባክቴሪያዎቹን ተቋቁመዋል። አንተ ብታገኘው «ተረጋገጠ!» ብለህ ትጽፈው ነበር ብዬ እፈራለሁ። በሳህን ላይማ በረኪናም ባክቴሪያ ይገድላል። ከሳህን እስከ ሰው ሆድ ረጅም መንገድ ነው።

ቃጠሎ ላይም እንደዚሁ። እሬትን የጨረር ቃጠሎ ላይ ስለመጠቀም ሐኪሞች ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጽፈዋል። ከዚያ ወዲህ ቀላል ቃጠሎን ቶሎ እንዲሽር ይረዳል የሚሉ ጥናቶች ወጥተዋል። ሁሉንም ሰብስበው የመዘኑ ሰዎች ግን በ2012 እ.ኤ.አ. ለቁስል ይጠቅማል ለማለት በቂ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። የኔ ክንድ ድኗል። በእሬቱ ይሁን በቀዝቃዛው ውሃ፣ ወይስ ዝም ብሎ ሊድን ሲል፣ ማን ያውቃል። አያቴ ብትሰማኝ ትቆጣ ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ግን ልክ ነህ። ይህ ሁሉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። አንዱም ቀፊራ አልደረሰም። ቀፊራ የደረሰው ያንተ ነው። የተማረው ሰው በሰው አፍ ሳይጽፍ ሲቀር ቦታውን የሚይዘው «የሰማ ላልሰማ ያሰማ» ነው። ይህን «መደበቅ» ካልከው አልከራከርህም።

አሁን መቃብሩ። እዚህ ጋ ነው በእውነት የተቀየምኩህ።

«መድኃኒቱን ለሙታን ሰጥተን እኛ ታመን እንኖራለን፤ ድንቁርና» ብለሃል። ከጀጎል ግንብ ውጭ ባሉት የመቃብር ቦታዎች አልፈህ ታውቅ ይሆናል። ድንጋዩ መሃል እሬት አለ። የበጋው ነፋስ ሌላውን ሁሉ ሲያደርቅ እሱ እንደቆመ ነው። ለምን እሱ ተመረጠ? እስቲ ሌላ ነገር ተክለህ ሞክር። ጽጌረዳ ብትተክል ማን ውሃ ያጠጣታል? ወር ሳይሞላት ፍየል ትበላታለች። እሬት ግን በሌሊት የሚተነፍስ ተክል ነው ማለት ይቻላል። ቀን ፀሐይ ስትከር የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይከፍታቸዋል። ውሃውን የሚያባክንበት ሰዓት የለም። ነቅለህ ጥለኸው ለሳምንታት ሳይሞት ይቆያል። መቃብር ላይ ለምለም ነገር ማኖር በሙስሊሙ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ለምለሙ እስካለ ድረስ ለሟች እፎይታ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። ታዲያ በዚህ አገር ማንም ሳያጠጣው ዓመቱን ሙሉ ለምለም ሆኖ የሚቆየው የቱ ነው? ይህ ድንቁርና ከሆነ ብዙ አግሮኖሚስቶች ቢደነቁሩ ደስ ይለኛል።

ሌላም አለ። በዓረብኛ ትዕግሥት ሰብር ነው። የእሬትም ስም ከዚያው ሥር ይወጣል፤ ስትጽፋቸው ፊደላቸው አንድ ነው። ቁርአን የቀራ የሐረር ሽማግሌ ይህን ሳያስተውል አይቀርም። ልጁን ቀብሮ ራስጌው ላይ ትዕግሥትን ይተክላል። ምሬቱም አለበት፣ አለመሞቱም አለበት። እኔ ይህን ስረዳ ጥቂት ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። አያቴ ራስጌ ላይ ያለውን እሬት ማን እንደተከለው ጠይቄ አላውቅም ነበር። እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት። ከዚያችው የዘይት ጣሳ የተወሰደ ቡቃያ ነው አለችኝ።

ደግሞ ለሙታን መስጠት ያልከው ራሱ ተክሉን አትርፎት ይሆናል። መቃብር ላይ ማንም ቢላ ይዞ አይዞርም። ሰው ከዳገቱ ቢጨርሰው እንኳን ዘሩ እዚያ ይቀራል። ይህም ወደ ዶማው ይወስደኛል።

ሥራ ያጣ ወጣት ገቢ ያግኝ ማለትህ ተገቢ ነው፤ ማንም አይቃወምህም። ግን ንቀል ነው ያልከው። ቅጠሉ የሚሸጥ ተክል ሥሩ ለምን ይነቀላል? ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መራራውን ፈሳሽ የሚነግዱ ሰዎች አሉ። የታችኞቹን ቅጠሎች ይቆርጣሉ፣ መሬት ላይ በተቆፈረና ፕላስቲክ በተነጠፈበት ጉድጓድ ዙሪያ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ውስጥ አድርገው ይደረድሯቸዋል። ፈሳሹ ይወርዳል። ተክሉ የላይኛውን ቅጠል ይዞ እዚያው ቆሟል፤ ሌላ ዓመት ይመለሱበታል። ልክ የአያቴ ግድግዳ ነው፤ በትልቁ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ነጋዴው ዱሩን ሲያራቁተው አይታ በ1986 እ.ኤ.አ. የዱር እሬት መልቀምን በፕሬዝዳንት ትእዛዝ እስከ መከልከል ደርሳለች።

ሕግም አለ። በዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ላይ በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይቲስ በሚባለው፣ ከአሎቬራ በቀር እሬት በሙሉ ቁጥጥር ይደረግበታል። ኢትዮጵያ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። ስለዚህ «ወደ ዱባይ መላክ ይቻላል» ያልካት ዓረፍተ ነገር፣ ያላንዳች ፈቃድ ከሆነ፣ ልጆቹን ገቢ ሳይሆን ኬላ ላይ መያዝ ታስተምራቸዋለች። በአገር ውስጥም አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብን ዕውቀት የማኅበረሰቡ ነው ይላል። የአያቶቻችንን ዕውቀት ካልክ ይህንን ማንሳት ነበረብህ።

ከሕጉ በላይ ግን ደንገጎ ራሱ አለ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን ያጥለቀለቀውን የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው ዳገቱ ላይ ዶማ ይዘህ ውጣ ሲባል ሆዱ ይሸበራል። ከ200 በላይ ሰው ነው በአንድ ሌሊት ያለቀው። ውሃው የመጣው ከላይ ነው፣ ከተራቆተው ዳገት። እሬት ብቻውን ጎርፍ ያቆማል አላልኩም። ግን አፈር በሌለበት፣ ድንጋይ መሃል ሥሩን ሰዶ የቆመ ተክል ስትነቅል ያቺኑ የቀረች አፈር ይዘህ ነው የምትወርደው። እኛ ታች ነን ያለነው። ከተራራው የወረደ ነገር ሁሉ መጨረሻው እኛ በር ነው።

በጓሮ መትከል ይቻላል እኮ። ብዙዎቹ ከሥራቸው ቡቃያ ያወጣሉ። አንዷን ትወስዳለህ፣ ጣሳ ላይ ትተክላለህ፣ ውሃ አታበዛም፣ በቃ። ሳሙና መሥራት ለሚፈልግ፣ ቅባት ለሚያዘጋጅ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። ይህን ብትጽፍ ኖሮ እኔም ሼር አደርግልህ ነበር።

የቀረው ስለ ፀጉር የጻፍከው ነው። እሱን አልነካም። እህቴ በየአርብ ትቀባዋለች፤ ፀጉሯም ያምራል፣ ከድሮም ያምር ነበር። ትናንት ይህን ስጽፍ አጠገቤ ቁጭ ብላ ቅጠል እየላጠች ነበር። ቢጫው ትራሷ ላይ ጠብ ብሎባት «አቦ፣ ሳልደፋው!» ብላ ተነሳች።